የጆንያው ክር

«ክሩን ፍቺው» አላት ባሏ።

ሰው ሁሉ በሩ ላይ ነበር። ዳቦ የምታሽገውን ልጅ፣ ሳቂታን፣ አራት ሆነው ተሸክመው የዳቦ ማመላለሻው መኪና ውስጥ እያስገቧት ነው፤ አንዱ «እጇን ወደ ላይ ያዙት!» ይላል፣ ሌላው «ፎጣ! ንጹሕ ፎጣ አምጡ!» እያለ ይጮሃል። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ እሱ ፎርማኑ፣ እሷ አቡኪዋ። እስከ ክንዷ ዱቄት እንደለበሰች ከሊጥ ማሽኑ ፊት ደንዝዛ ቆማለች።

«ምኑን?» አለችው።

«ክሩን ነው የምልሽ! ሰው ሳይመለስ ፍቺው።»

ፈታችው። ልቧ ቢደነግጥም ጣቶቿ አልደነገጡም፤ ያን ቋጠሮ በጨለማም ያውቁታል። ባሏ ክሩን ከእጇ መንጭቆ የምድጃውን በር ከፈተና እሳቱ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ቆቡን አስተካክሎ «ቀስ! ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጧት!» እያለ ወደ ውጭ ሮጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊጥ ማሽኑ አፉ ላይ የብረት መከለያ አለው፤ ከመከለያው ሥር ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ቁልፍ አለች። መከለያው ሲዘጋ ቁልፏን ይጫናታል፣ ማሽኑ ይዞራል፤ ሲከፈት ይለቃታል፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ማሽኑ የመጣ ቀን ሁሉንም ሰብስበው «ከዳቦው እንዳሻችሁ ብሉ። ምድጃውንም እንደ ራሳችሁ ዕቃ ያዙት። ማሽኑ ክፍት ሲሆን እንዳይዞር የምታደርገውን ይህችን ቁልፍ ብቻ እንዳትነኩብኝ፤ የነካችኋት ቀን ሰው ይጎዳል» ብለው ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር። ችግሩ፣ እኚሁ ጋሼ በየማለዳው እየደወሉ «ዳቦው ምነው ዘገየ?» ይላሉ። ሊጥ ደግሞ በዓይን የሚሠራ ነገር ነው፤ ዱቄቱን ጨመር፣ ውሃውን ጠብ ማድረግ ይፈልጋል። ለእያንዳንዷ ጭብጥ ዱቄት መከለያውን መክፈት፣ መዝጋት፣ እንደገና ማስነሳት… እንዲህ ሲንቀራፈፉ ደንበኛው ቁርሱን ከሌላ ዳቦ ቤት ገዝቶ በልቶ ይጨርሳል።

መላውን ያመጣው ፎርማኑ ነው። አንድ ቀን ከዱቄት ጆንያ አፍ ላይ ክር መዘዘና ቁልፏን ወደ ታች ጠፍሮ አሰራት። መከለያው ወለል ብሎ ተከፍቶ ማሽኑ ይዞራል። «አየሽ? ምንም አልሆነም» አላት ሚስቱን። እውነትም ምንም አልሆነም፣ ያን ቀን። ከዚያ ወዲህ ክሩ ማለዳ ይታሰራል፣ ጋሼ ሊመጡ ሲሉ ይፈታል። ዳቦውም በሰዓቱ ይደርሳል፤ ጋሼም «ተባረኩ» ይላሉ።

ይህን የማታውቀው ሳቂታ ብቻ ነበረች። ሥራዋ በወዲያኛው ክፍል ዳቦ ማሸግ ስለሆነ የነገራት አልነበረም። ስለ ማሽኑ የምታውቀው የጋሼን ቃል ነው፦ ክፍት ሲሆን አይዞርም። ቃሉን አምና የኖረች እሷ ብቻ ነበረች፤ ማሽኑም የበላው እሷን ነው።

የዚያን ቀን ባል «ቶሎ በይ እንጂ፣ የሆቴሉ ትእዛዝ አለ» አለ፤ ሚስት ክሩን አሰረች። ማሽኑ መጀመሪያ ዝግ ብሎ ያቦካል፣ ጥቂት ያርፋል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ በፍጥነት ይነሳል። እሱ ሲያርፍ አቡኪዋ ከምድጃው ትሪ ልታወጣ ዞር አለች። ባዶ ሳጥን ፍለጋ የመጣችውን ሳቂታን አየቻትና «አንቺ ሳቂታ፣ እስቲ ጠርዙን ጠረግ ጠረግ አድርጊልኝ» አለቻት። ሳቂታ እየሳቀች ሄደች። መከለያው ክፍት ነው፣ ማሽኑ ቆሟል። እጇን ሰደደች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም ነገር አልነበረም።

ጋሼ በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ደረሱ። ሾፌሩም ከሐኪም ቤት ተመልሶ ነበር፦ ሦስት ጣቶቿ ሄደዋል፤ የቀረውን እጇን ለማትረፍ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ብለዋል ሐኪሞቹ። ጋሼ ወደ ማሽኑ ሄዱ። ከዚያ መከለያውን ከፈቱት፣ ዘጉት። ማሽኑ ይቆማል፣ ይነሳል፤ አንድም እንከን የለበትም።

«ቁልፏ ደህና ናት እኮ! ታዲያ እንዴት ያዛት?» አሉ። «ማን ነው የነካብኝ?»

ፎርማኑ ቆቡን አወለቀ። «ጋሼ፣ እኔ ምድጃው ጋ ነበርኩ። ልጅቷ ሥራዋ ማሸግ ነው፤ ማን ወደዚህ እንዳመጣት እንጃ። እንደሚመስለኝ በግራ እጇ ቁልፏን ተጭና ይዛ፣ በቀኟ ልትጠርግ ስትል ነው።»

«ጤነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

«ልጅነት ነው፣ ጋሼ። ችኮላ።»

ጋሼ ወደ አቡኪዋ ዞሩ። «አንቺስ? ምን አየሽ?»

«እኔ… ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለች።

ውሸት አልነበረም። ኋላ ላይ ፊቷን ያቃጠላትም ይኸው ነው፤ ቃል በቃል እውነት መሆኑ።

ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ጥፋቱ ከራሱ ትከሻ ሲወርድለት የማይቀለው ማን አለ? «እንግዲያው በገዛ እጇ ነው» አሉ። «ሰኞ ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ እስከዚያ ሐኪም ቤቱን እኔ እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን፣ ጥፋቱ የራሷ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናውም ሌላውም በኔ የለም። ሕጉ እንደዛ ነው።»

ሠራተኛው ሁሉ ወለሉን አየ። ክሩን የማያውቅ አልነበረም፤ አስሮት የማያውቅም ስላልነበረ አፉን የሚከፍት ጠፋ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዳውላዋ ደግሞ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ መልስ አትሰጥም።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብተው አቡኪዋ የባሏን ነጭ ጋዋን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፈች። እሱ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ ለእሑድ ይዘጋጃል። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ያስተምራል፤ ዳቦ ቤት ውስጥም ከፎርማንነቱ ይልቅ «መምህር» በሚለው ቅጽል ስም ነው የሚታወቀው። የነገው ትምህርት የአዳምና የሔዋን ነው። እሱ አልመረጠውም፣ ተራው ደርሶ ነው።

ትንሿ ልጃቸው ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ውሃው ሲቀላ ታያለች።

«እማዬ፣ የሳቂታ ጣት ተመልሶ ይበቅላል?»

«ጥርስ አይደለም እኮ፣ ልጄ። ሂጂ ውጪ ተጫወቺ።»

ልጅቷ ስትወጣ እናት እጇን አደራረቀችና ከጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«እሷ ናት ያልከው ለምንድን ነው?»

«ምን ልበል ታዲያ?» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ነኝ ልበል? እኔ ከተባረርኩ አንቺን ያስቀሩሻል? ይህቺን ልጅ ምን እናበላታለን? ረጋ ብለሽ አስቢ እንጂ። እሷ እንደሆነች ጉዳቱ አንዴ ደርሶባታል። የኛ መናዘዝ ጣቷን አይመልስላትም።»

«የቀረውን እጇንስ?»

«እናዋጣላታለን። ከምእመኑ እሰበስባለሁ፤ እኔ ራሴ አስተባብራለሁ። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።»

ይህን ሲል በእውነት አዝኖ ነበር። ድሮም እንባው ቅርብ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ሰድዶ እዚያው ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ እሱን አይታችሁታል።

«ልጅቷን ጥረጊልኝ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ» አለች አቡኪዋ። «ያሰርኩትም እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ ነው ሰኞ…»

«ይኸው!» አለና መጽሐፉን ዘጋ። «እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። ያሰርሽው አንቺ፣ የላክሻትም አንቺ። እኔ በዚህ ነገር ውስጥ ምን አለሁበት? የዋሸሁት ላንቺ ብዬ ነው፤ ላንቺ!»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ነገሩ የሁለታቸው ይመስላት ነበር። አብረው የቆሸሹ፣ አብረው የሚታጠቡ ወይም አብረው የሚበሰብሱ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የሷው ባል ግን ጭራሽ ጅቡን «ያቻትልህ» የሚል ሆኖ ተገኘ። ጠላችው። ያን ያህል የምትወደውን ሰው ለመጥላት ይህን ያህል አጭር ጊዜ መብቃቱ አስደነገጣት፤ ወደ ሳፋዋ ተመለሰችና ጋዋኑን ማሸት ጀመረች። ደም ለካ በቀላሉ አይለቅም።

እሑድ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ልጆች ከሚቀመጡባቸው አጫጭር አግዳሚዎች በስተኋላ ተቀመጠች። ባሏ በሰሌዳው ላይ ዛፍ ሥሏል። ዛፍ አሣሣል ያውቅበታል፤ ልጆቹም ይወዱታል።

«በመጀመሪያ ሁሉ መልካም ነበር» እያለ ነው። «ብርሃኑ መልካም፣ ውሃው መልካም፣ እንስሳቱ መልካም። ሰውም መልካም ሆኖ ተፈጠረ። ዕራቁታቸውን ነበሩ፣ ግን አያፍሩም ነበር።»

አንዱ ልጅ አፉን ይዞ ሲስቅ፣ ሳቁ ወደ ጎረቤቶቹ ተዛመተ።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለ መምህሩ ራሱም ፈገግ ብሎ። «እነሱ ግን አልሳቁም። ለምን? ንጹሕ ነበሩ። ንጹሕ ማለት የታጠበ ማለት አይደለም፣ ልጆች። መታጠብ ያላስፈለገው ማለት ነው። የሚደብቀው ነገር የሌለው።»

ከዚያ ስለ ፍሬው ነገራቸው፣ ስለ ቅጠሉ፣ ከዛፎቹ መሐል ስለ መደበቃቸው። አዳም ሲጠየቅ በሔዋን እንዳሳበበ፣ ሔዋን ስትጠየቅ በእባቡ እንዳሳበበች ነገራቸው። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፣ እጁ ከወዲህ ወዲያ ይመላለሳል። ከፊተኛው አግዳሚ አንዲት ትንሽ እጅ ብድግ አለች፤ የገዛ ልጁ ናት። እዚህ «አባባ» ማለት ክልክል ነው፤ እንደ ሌሎቹ ነው የምትጠራው።

«መምህር! አዳም በሔዋን አሳበበ፣ ሔዋን በእባቡ አሳበበች። እባቡስ በማን አሳበበ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አቡኪዋ ሳታውቀው የመቀመጫዋን ጠርዝ ጨበጠች።

«ጎበዝ!» አለ መምህሩ። «እባቡ አልተጠየቀም።»

«ለምን አልተጠየቀም?»

«መጠየቅ ምሕረት ስለሆነ ነዋ። እግዚአብሔር አዳምን ‹ወዴት ነህ?› ያለው የት እንዳለ ጠፍቶት ይመስላችኋል? በር ሲከፍትለት ነው። ‹በደልኩ፣ ይቅር በለኝ› ብሎ የሚወጣበት በር። ለሔዋንም ከፈተላት። እነሱ ግን በሩን ትተው ጣታቸውን ቀሰሩ። ፍሬውን መብላታቸው አንድ ጥፋት ነበር፤ የባሰው ግን ያ ነው። እባቡ በር አልተከፈተለትም፤ ተፈረደበት፣ አለቀ።»

ትክክል ነበር። አንድ ቃል የሚነቀስበት አልነበረም። አቡኪዋ ባሏን ፈዝዛ አየችው፤ ድምፁ ይርገበገባል ብላ ጠበቀች፣ አልተርገበገበም። ወደ እሷ ይመለከታል ብላ ጠበቀች፣ አልተመለከተም። የተናገረውን ያምነዋል፣ ይህ ነው ያስፈራት። ልጆቹ መዝሙር ሲጀምሩ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሐኪም ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ መንገዱን ግን ሁለቴ ተመልሳበታለች። የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ስትደርስ የሳቂታ እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለልጃቸው ሾርባ በማንኪያ እየሰጧት ነበር። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል።

«መጣሽ እትዬ!» አለች ሳቂታ። ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ተከፈተና ሳቁ መንገዱን እንደሳተ ቀረ።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለች አቡኪዋ።

«እትዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ክፍት ነበር አይደል? ክፍት ሲሆን አይዞርም ብለው አልነበር ጋሼ? ትላንት መጥተው ‹በግራ እጅሽ ቁልፏን ተጭነሽ ነበር› አሉኝ። እኔ አልነካሁም አልኳቸው። ከዚያ ሌሊቱን ሳስበው፣ ሳስበው…» ወደ ጣሪያው አየች። «አሁን ግን የያዝኳት ይመስለኛል። የብረቷ ቅዝቃዜ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ፤ የሥራ ቦታሽን ደም አደረግሁብሽ፤ እናንተንም ጣጣ ውስጥ ከተትኋችሁ።»

«ከሌሊት ጀምሮ ይህንኑ ነው የምትለው» አሉ እናቷ። «ቀልበ ቢስ ልጅ አልነበረችም እኮ። እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ትልልቅ ሰዎች አጥፍታለች ካሉ አጥፍታ ነው።»

አቡኪዋ የአልጋውን ብረት ያዘች። ነገሩ አልቆ ነበር። የተበደለችው ራሷ ጥፋቱን ተቀብላለች፤ እናቷ አምነዋል፤ ሰኞ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ይህችኑ ይጠይቃታል፣ ይህንኑ ትመልሳለች። ማንም ሰው፣ አንድም ሰው፣ «አንቺስ ምን አደረግሽ?» የሚላት የለም። «ይማርሽ» ብላ መውጣት ብቻ ነው የቀራት። ከትላንቱ ጩኸት ይልቅ ይህ አሰቃያት። አንዲት ምንም ያላጠፋች ልጅ፣ ጣቶቿን የበሏት ሳያንስ፣ ያላደረገችውን ኃጢአት በትዝታዋ ውስጥ ሲተክሉባት በዓይኗ እያየች ነው።

«አልነካሻትም» አለች።

«እ?»

«ቁልፏን አንቺ አልነካሻትም። ክፍት ሲሆን የማይዞረው ካልታሰረ ነው። በክር ታስሮ ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ከጎን የተኙት በሽተኛ ሳይቀሩ ዞሩ።

«በክር?» አለች ሳቂታ። «የምን ክር?»

«የጆንያ ክር። ሁልጊዜ እናስረው ነበር።»

ሳቂታ አቡኪዋን አየቻት። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ «ጥረጊልኝ ስትዪኝ ታስሮ እንደነበር ታውቂ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር። ግን ትዝ አላለኝም። ልምድ ሆኖብን… ትዝ አላለኝም፣ ሳቂታዬ።»

ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልረገመቻትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ሾርባውን አስቀምጠው ተነሡ። ከአቡኪዋ በቁመት ያንሳሉ፤ ቀና ብለው ነው ያዩዋት።

«ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር ያስተማረሽ?» አሏት።

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። እውነትም ነበር፤ ብትናገረው ሐሰት የሚላት አልነበረም። ባሌ ነው። «አየሽ? ምንም አልሆነም» ያለኝ እሱ ነው። ቃሉ ጥርሷ ድረስ መጣና ከኋላው የሚከተለውን እፎይታ አወቀችው፤ ትላንት በጋሼ ፊት ላይ ያየችው እፎይታ ነው። ዋጠችው።

«እጄ ነው ያሰረው፣ እማማ» አለች። «ነገ ጠዋት ለጋሼም ለተቆጣጣሪውም ይህንኑ እነግራለሁ።»

«ውጪልኝ» አሉ እናትዮዋ። «አሁን ውጪልኝ፣ ልጄ። እጄ እንዳይሰነዘርብሽ።»

ወጣች። ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ይቅለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። ሥራዋ ሄዷል። የልጅቷ ጣቶችም አልተመለሱም። ከበሩ ወዲያ እናቷ «አልነካሽም ልጄ፣ አልነካሽም» እያሉ ሲያባብሏት ይሰማል።

ባሏ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ። የእሑድ ኮቱን እንደለበሰ ነው፤ በእጁ ብርቱካን የሞላ ፌስታል ይዟል።

«ሳትነግሪኝ ትወጫለሽ? ልጅቷን ጎረቤት ትቼ ስፈልግሽ…» ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን አልሻቸው?»

«የኔን።»

«የኔንስ?»

«ያንተን አልነገርኳቸውም።»

ትከሻው ወደ ቦታው ሲመለስ አየች። ከልብ ያመሰገናት ይመስል እጇን ሊይዝ ሞከረ። «ጥሩ አደረግሽ። እንዲህ ከሆነ እኮ፣ አንዳችን እንኳ ከተረፍን… እኔ ልግባና ልጸልይላት። ብርቱካንም ይዤላታለሁ።»

አቡኪዋ ብድግ አለችና ፌስታሉን ከእጁ ወሰደችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዲሁ ግባ። ገብተህ ያንተን ራስህ ንገራቸው።»

«ኧረ ሰው ምን ይላል! የታመመ ሰው በባዶ እጅ ይጠየቃል?»

«ዛሬ በባዶ እጅ ይሁን» አለችው። በሩን በግራ እጇ ገፋ አድርጋ ከፈተችለትና ከመንገዱ ገለል ብላ ቆመች።